ከብት እየጠበቀ ላደገ ተማሪ የመስክ ቆይታ ምን ያስተምረዋል? የሞያሌዋ ጎልቦ ጥያቄ

በበርካታ አገራት ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ መማሪያ ክፍላቸውን ዘግተው፣ ልብሳቸውን በሻንጣ ይዘው ከከተማ ይወጣሉ። ለሦስት ወይም ለአምስት ቀናት በጫካ ዳር፣ በሐይቅ አጠገብ አልያም በተራራ ግርጌ በተሠራ ማዕከል ያድራሉ። ቀን ቀን የወንዝ ውሃ ይመረምራሉ፣ ዛፍ ከዛፍ ይለያሉ፣ የአውሬ ዱካ ይከተላሉ። ሲመሽ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው የዋሉበትን ያወጋሉ።

ይህ አዳሪ የመስክ ትምህርት የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ልጁ ከተፈጥሮ ተለይቶ አድጓል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወደ ተፈጥሮ ሊወስደው ይገባል።

በሰሜን ኬንያ፣ በሞያሌ ሥር በሚገኘው የጎልቦ ቆላ ይህ ግምት ተገልብጦ ይገኛል። እዚያ ልጁ የሚወለደው ሜዳው ላይ ነው። ከሜዳው የሚለየው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

ጎልቦ ዛሬ በማርሳቢት አውራጃ የሞያሌ ምርጫ ክልል ከሚያቅፋቸው ሰባት የአስተዳደር ቀጠናዎች የአንዱ መጠሪያ ነው። ቃሉ ግን ከአስተዳደሩ ይቀድማል። ቦረናዎች አገራቸውን ድሬ፣ ሊበን፣ ማልቤ እያሉ ሲከፍሉ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ሸንተረር በታች ወደ ደቡብ የሚንጣለለውን ሞቃት ሜዳ ጎልቦ ይሉታል። ቋሚ ወንዝ የሌለው፣ በግራርና በከርቤ ዛፎች የተሸፈነ፣ ዝናብ ሲጥል በቀናት ውስጥ የሚለመልም፣ ሳይጥል ሲቀር ደግሞ ሰውንም ከብትንም የሚፈትን ምድር ነው።

ፈተናው በቅርቡ ታይቷል። እአአ ከ2020 መጨረሻ አንስቶ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በአራት አሥርት ዓመታት ያልታየ በተባለው በዚህ ድርቅ በኬንያ ደረቃማ አውራጃዎች ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት አልቀዋል። ድርቁ በ2023 ሲያበቃ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎርፍ ተከተለ። እንዲህ ባለ ምድር የግጦሽና የውሃ ዕውቀት የቤተሰብ መትረፊያ ነው። ያን ዕውቀት ለልጆች ማን፣ የት እና መቼ ያስተምራቸዋል የሚለው ጥያቄም ከሽርሽር ጉዳይ በእጅጉ ይከብዳል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ተማሪዎችን ከቤት ውጭ አሳድሮ የማስተማር ልማድ በዛሬ መልኩ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በብሪታንያ ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት መምህር ኩርት ሃን በ1941 በዌልስ ባሕር ዳርቻ፣ አበርዶቪ በምትባል ከተማ፣ ‘አውትዋርድ ባውንድ’ የተሰኘውን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ረዱ። የመጀመሪያው ዓላማ ወጣት መርከበኞች አደጋን ተቋቁመው እንዲተርፉ ማሠልጠን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተመሠረተው የብሪታንያ የመስክ ጥናት ምክር ቤት በበኩሉ ትኩረቱን በዕፅዋት፣ በወንዝና በአፈር ላይ አድርጎ በ1946 ፍላትፎርድ ሚል በተባለ ስፍራ የመጀመሪያውን ማዕከል ከፈተ።

ሁለቱ መንገዶች እስካሁን ጎን ለጎን ይጓዛሉ። አንዱ የልጁን ጽናት ይገነባል፤ ሌላው የልጁን ዓይን ያሠለጥናል። በ1977 በጆርጂያ ትብሊሲ የተካሄደው የመጀመሪያው የመንግሥታት የአካባቢ ትምህርት ጉባኤ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አከለ። ተማሪው ስለ ተፈጥሮ ማወቁ ብቻ እንደማይበቃ፣ በአካባቢው ችግር ላይ ውሳኔ መስጠትና እርምጃ መውሰድም መማር እንዳለበት አስታወቀ።

በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት መራጮች በ2016 ከሎተሪ ገቢ ተቀንሶ የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የአንድ ሳምንት የመስክ ትምህርት ቤት እንዲያገኙ ወስነዋል። ይህ ብዙ አገር የሚመኘው ነው፤ በጀቱን የሚችለው ግን ጥቂት ነው።

ጥቅሙስ ተረጋግጧል? በ1993 እና በ2003 መካከል በእንግሊዝኛ የታተሙ 150 ጥናቶችን የመረመረና በ2004 በብሪታንያ የወጣ አንድ ግምገማ፣ በሚገባ የታቀደ የመስክ ትምህርት ክፍል ውስጥ የማይገኝ ዕውቀትና ክህሎት እንደሚያስገኝ አሳይቷል። አዳሪነቱም የተማሪዎችን በራስ መተማመንና እርስ በርስ መግባባት ያጠናክራል። ግምገማው አብሮ ያስቀመጠው ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከጉዞው በፊት ዝግጅት፣ ከጉዞው በኋላ ደግሞ ክትትል ከሌለ ውጤቱ ይሳሳል። አውቶብስ ተከራይቶ ዝሆን አሳይቶ መመለስ ደስ ቢያሰኝም ከትምህርት የሚቆጠረው ጥቂቱ ነው።

የኬንያ ልምድና የሞያሌ ርቀት

ኬንያ በዚህ ረገድ ከጎረቤቶቿ ቀድማ የሄደች ናት። የኬንያ የዱር እንስሳት ክበባት ማኅበር በ1968 በተማሪዎች ተነሳሽነት ሲመሠረት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ማኅበሩ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ከማደራጀት ባለፈ በናይሮቢ ላንጋታ እና በናኩሩ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ ለተማሪዎች በአነስተኛ ክፍያ ማደሪያ ያዘጋጃል። በናይቫሻ ሐይቅ ዳርቻ፣ የአንበሳዋን የኤልሳን ታሪክ የጻፉት ጆይ አዳምሰን ይኖሩበት የነበረው ኤልሳሜር የተሰኘው ቤትም የመስክ ጥናት ማዕከል ሆኗል። በኪሊማንጃሮ ግርጌ፣ በሎይቶኪቶክ፣ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የአውትዋርድ ባውንድ ተራራ ትምህርት ቤት አለ።

የእነዚህን ስፍራዎች ስም በካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሁሉም ከናይሮቢ ደቡብ ወይም በዙሪያዋ ናቸው። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኢሲዮሎ ሞያሌ የሚደርሰው አስፋልት ከተጠናቀቀ ወዲህ መንገዱ ቢያጥርም የተማሪዎች ተሽከርካሪ በሌሊት እንዳይጓዝ ስለሚከለከል፣ ከጎልቦ የሚነሳ አንድ ክፍል ናይሮቢ ለመድረስ መንገድ ላይ ማደር ይኖርበታል። የምግብ፣ የነዳጅና የማደሪያው ወጪ ሲደመር አብዛኛው የአርብቶ አደር ቤተሰብ የሚሸከመው አይሆንም።

ቅርቡ ማርሳቢት ነው፤ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከበረሃ መሀል ጉም ለብሶ የሚነሳው የማርሳቢት ተራራ ደን፣ የፓራዳይዝ ሐይቅ፣ ጆሞ ኬንያታ በ1970 በልዩ ድንጋጌ እንዲጠበቅ ያዘዙለትና በ1974 የሞተው ባለ ግዙፍ ጥርሱ ዝሆን አሕመድ፣ እነዚህ ሁሉ በአውራጃው ልጆች ደጃፍ ያሉ ትምህርቶች ናቸው። ለጎልቦ ልጅ ማርሳቢት ከናይሮቢ የተሻለ መምህር መሆኑ አያከራክርም። ደን እንዴት ጉምን ወደ ውሃ እንደሚለውጥ፣ ያ ውሃ ከታች ላለው ሕዝብ ምን እንደሆነ በዓይን የሚያይበት ቦታ ነው።

ኬንያ ከ2019 ጀምሮ በየክፍሉ የዘረጋችው ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ታችኛ ክፍሎች የአካባቢ ትምህርትን ራሱን የቻለ ርዕስ አድርጎታል። ልጆች በማድረግ እንዲማሩም ይጠይቃል። ‘መስኩ’ የት እንደሆነ ግን ለትምህርት ቤቱ ትቶታል።

ፎራ፦ ማደሪያ የሌለው አዳሪ ትምህርት ቤት

ለቦረና ልጆች መስኩ ስም አለው። የቦረና ከብት በሁለት ይከፈላል። የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች መኖሪያው አጠገብ በ‘ዋራ’ ይቆያሉ። ደረቅ ላሞች፣ ወይፈኖችና በሬዎች ደግሞ ሣርና ዝናብ እየተከተሉ ከሚጓዙ ወጣቶች ጋር ወደ ‘ፎራ’ ይሄዳሉ። ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ጥጃና ፍየል ከመንደር ሳይርቅ ይጠብቃል። ከፍ ሲል ከብት ይዞ ይርቃል። ሲጎለምስ ከታላላቆቹ ጋር ለሳምንታትና ለወራት በፎራ ይከርማል።

ፎራ በውጭ አገር ማዕከላት እንደ ዓላማ የሚዘረዘረውን ሁሉ ይዟል። ቡድን አለ፤ ችግር አለ፤ በራስ የመወሰን ግዴታ አለ። ልዩነቱ ስህተቱ እውነተኛ ዋጋ ማስከፈሉ ነው።

ትምህርቱ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። በበጋ፣ ቦረናዎች ‘ቦና’ በሚሉት ወቅት፣ ከብት በየቀኑ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ ገደማ ውሃ ይጠጣል። ለምን? በየቀኑ የሚጠጣ ከብት ከውሃው ርቆ መሄድ ስለማይችል በኩሬው ዙሪያ ያለውን ሣር ጨርሶ ይራባል። በሦስት ቀን የሚጠጣው ግን ርቆ ሄዶ ያልተነካ ግጦሽ ያገኛል። በአንጻሩ ወተቱ ይቀንሳል፤ ደካማው ከብትም መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። እረኛው በየቀኑ የሚፈታው ይህንኑ ነው፦ ርቀት፣ ጥም፣ ሣር፣ ወተት። ይህ ሥነ ምህዳር ነው፤ ሒሳብም ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ግን አይገኝም።

ውሃው ሕግ አለው። በኢትዮጵያ በኩል በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች የሚገኙት ‘ቱላ’ የተሰኙት ጥልቅ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። የመቅጃ ተራውን የሚያስተዳድሩት ‘አባ ሄሬጋ’ ናቸው። ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ ጥገናው በማን ላይ ነው የሚለው ሁሉ በገዳ ሥርዓት ሥር ተደንግጓል። ገዳ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩ ይታወሳል።

ሌሊቱም ሌላ ትምህርት አለው። ‘አያንቱ’ የሚባሉት የዘመን አዋቂዎች ጨረቃን ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ወራትን ይለያሉ። ለ27 ቀናት የተሰጡ ስሞች አሏቸው። ፈረንጆች ፕሌያዲስ የሚሉትን የከዋክብት ስብስብ ቡሳን ብለው ይጠሩታል። በሌላ አገር ማዕከል ለልጆች ቴሌስኮፕ መግዛት ግድ ሲሆን፣ ጎልቦ ላይ መብራት የማያደበዝዘው ሰማይና የሚያነቡት አዛውንት ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቁጥራቸው ግን እያነሰ ሄዷል።

ወቅቱና የትምህርት ዘመኑ አልተገናኙም

ትምህርት ለአርብቶ አደር ልጆች ይድረስ ተብሎ ኬንያ በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በደረቃማ አካባቢዎች በዝቅተኛ ክፍያ የሚሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን አስፋፍታለች። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቤተሰቡ ሲንቀሳቀስ ልጁ ትምህርት አያቋርጥም። መንግሥት በ2022 መጨረሻ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያለው አዳሪነት እንዲቀር ማሰቡን ሲያስታውቅ ከደረቃማ አውራጃዎች ተቃውሞ የተነሳውም ለዚሁ ነው። ለእነዚህ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ያለው ብቸኛ አማራጭ ነው።

ዋጋው ግን የቀን መቁጠሪያው ላይ ተጽፏል። የኬንያ ትምህርት ዘመን የሚጀምረው በጥር ወር ነው፤ ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ነው። ይህ ደግሞ ‘ሃጋያ’ የሚሰኘው አጭሩ ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ ነው። ሣሩ ቅርብ፣ ኩሬው ሙሉ፣ ከብቱ መንደር አጠገብ ነው። ልጁ ወደ ቤት ሲመጣ የሚያየው ምድሪቱ ስትስቅ ነው። ቦና ሲበረታ፣ ሽማግሌዎች የትኛው መንጋ ወዴት ይሂድ፣ የትኛው ጉድጓድ ይከፈት፣ ለጥጆች የታጠረው ‘ካሎ’ መቼ ይነካ ብለው ሲመክሩ፣ ልጁ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልጁ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ በሁለት ዓለም መካከል ግማሽ ግማሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፎቶሲንተሲስን ሂደት ይዘረዝራል፤ በመንደሩ ዙሪያ ‘ዳዳቻ’ የተባለው ግራር በድርቅ ወቅት ፍሬው ለፍየል መኖ መሆኑን ግን አያውቅም። ወይም ያውቀዋል፣ በትምህርት ቤት ግን ዕውቀት ተብሎ አይቆጠርለትም። ሁለተኛው ይበልጥ የተለመደና ይበልጥ የሚያሳስብ ነው።

የሰኚ ትምህርት ከኢትዮጵያ

ለዚህ ችግር ቅርብ የሆነ ሙከራ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። በ2004 እአአ በሚሊዮን በላይ የተመሠረተው መልካ ኢትዮጵያ የተሰኘው ድርጅት ‘ሰኚ’ ብሎ የሰየመውን ፕሮግራም በመናገሻ ሱባ ደን፣ በባሌ ተራሮችና በሸካ አካሂዷል። ስሙ በኦሮምኛ ዘር ማለት ነው። ወጣት ተማሪዎች ከመንደርና ከከተማ ወጥተው ለቀናት በደን ውስጥ ያድራሉ፤ በእግር ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን በዝምታ ተቀምጦ ዙሪያውን የሚያዳምጥበት ጊዜም ይሰጠዋል።

የሰኚ ልዩነት ግን እዚህ ላይ አይደለም። ከባዮሎጂ መምህሩ ጎን የአካባቢው አዛውንት መቀመጣቸው ነው። ስለ ዛፉ የሚናገሩት ሳይንሳዊ ስሙን የሚያውቀው መምህርና መድኃኒቱን የሚያውቁት አባት ወይም እናት ናቸው። ተማሪዎቹ ሲመለሱ ደግሞ በየትምህርት ቤታቸው ክበብ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የብሪታንያው ግምገማ ክትትል ያለው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ይህ አሠራር ለደን አካባቢ የተነደፈ ቢሆንም ወደ ቆላ ሊወርድ የማይችልበት ምክንያት የለም። የጎልቦ ትምህርት ቤት ግንብ ማዕከል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ድንኳን፣ የውሃ ማመላለሻ መኪና፣ አንድ ነርስ እና አበል የሚከፈላቸው አባ ሄሬጋ ነው። አዛውንቱን ‘ለእንግዳ ንግግር’ ጋብዞ ሻይ አጠጥቶ መሸኘት እንደ ማስተማር አይቆጠርም። እንደ መምህር የሚሠሩ ከሆነ እንደ መምህር ሊከፈላቸው ይገባል።

የሚጠናውም ጉዳይ ሞልቷል። አርብቶ አደሮች በፊት ግጦሹን በየጊዜው በእሳት እያጸዱ ቁጥቋጦና መዥገርን ይቆጣጠሩ ነበር። በኢትዮጵያ ቦረና ይህ በ1970ዎቹ ሲከለከል እሾሃማ ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ መምጣቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ተማሪዎች ገመድ ዘርግተው በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ያለውን ሣርና ቡቃያ ቆጥረው፣ ከዚያም አዛውንቱ በወጣትነታቸው ያ ቦታ ምን ይመስል እንደነበር ቢጠይቋቸው፣ መጽሐፍና ትዝታ አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ።

ከሞያሌ ወደ ሰሜን፣ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ የቁራ ዘመድ የሆነ ወፍ አለ። ተመራማሪዎች የወፉ መኖሪያ ድንበር የአየሩ ሙቀት መሆኑን ደርሰውበታል፤ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ካለው ከዚያ አካባቢ አይወጣም። ምድር በሞቀች ቁጥር መኖሪያው ይጠባል ማለት ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለቦረና ልጅ ማግኘት ይከብዳል።

ወላጅ የሚጠይቀው

ከትምህርቱ በፊት ግን ወላጅ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ልጄ በሰላም ይመለሳል ወይ?

ጥያቄው ባዶ ስጋት አይደለም። በሞያሌና በዙሪያዋ ቦረና፣ ገብራ፣ ቡርጂ፣ ጋሪ፣ ሳኩዬና ሌሎችም ማኅበረሰቦች ይኖራሉ። በግጦሽ፣ በውሃና በፖለቲካ ሥልጣን ሳቢያ ተደጋጋሚ ግጭት ታይቷል። በሐምሌ 2005 እአአ፣ ከሞያሌ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ቱርቢ በታጣቂዎች በተፈጸመው ጥቃት ከተገደሉት በርካታ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ጥቃቱ የመንደሩን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አላለፈም። ይህን የሚያስታውስ ወላጅ ልጁን ለአምስት ሌሊት ሜዳ ላይ ለማሳደር በቀላሉ አይፈርምም።

በሌላ በኩል በአንድ ድንኳን የሚያድሩ የተለያየ ማኅበረሰብ ልጆች የሚማሩት ስለ ሣር ብቻ አይሆንም። ግጭቱ የሚነሳው በአብዛኛው በውሃና በግጦሽ ከሆነ፣ የውሃ ተራ እንዴት እንደሚደለደል አብረው ያዩ ልጆች ነገ በዚያው ጉድጓድ ላይ የሚገናኙ ጎልማሶች ናቸው። ሆኖም ይህ የሚሆነው የሁሉም ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ቦታውንና ጊዜውን አስቀድመው ሲስማሙበት ነው። ሽማግሌ ያልመከረበት ካምፕ እንኳን ሰላም ሊያመጣ ራሱም ሰላም አያድርም።

የሴቶች ልጆች ነገር ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ፎራ የወንዶች ነው። ጥጃ የሚያግዱት፣ ውሃና እንጨት የሚያመጡት፣ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ሴቶች የያዙት ዕውቀት ግን ያው የሜዳው ዕውቀት ነው፤ የትኛው እንጨት ወተትን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሴት አስተማሪና የተለየ ማደሪያ ካልተዘጋጀ ወላጅ ሴት ልጁን አይልክም። እነርሱ ከቀሩ ደግሞ የትምህርቱ ግማሽ ይቀራል።

ድንበሩ

የመጨረሻው እንቅፋት ካርታው ነው። ጎልቦ በአብዛኛው የሚጠጣው በኩሬ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃና በሞተር የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ነው። ድርቅ ሲጠና መንጋው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢትዮጵያ ቦረና ይሻገራል። ለተማሪዎች የውሃ ሕግን በሙላት የሚያሳዩት የቱላ ጉድጓዶችም እዚያው ናቸው። በሞያሌ ሁለቱ አገራት በጋራ የሚሠሩበት የድንበር ጣቢያ በ2020 መጨረሻ ሲመረቅ የንግድና የጭነት ጉዳይ በሰፊው ተነግሮለታል፤ የተማሪ ጉዞ ግን አጀንዳ አልነበረም።

አንድ የ15 ዓመት የጎልቦ ልጅ በቦና ወቅት ከአጎቱ ጋር 40 ከብት እየነዳ ዱብሉቅ ድረስ ቢሄድ የሚጠብቀው የአባ ሄሬጋ ተራ ነው። ያው ልጅ ደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ከመምህሩና ከክፍል ጓደኞቹ ጋር፣ ያንኑ ጉድጓድ ለማየት ቢነሳ ግን የወላጆች ፊርማ፣ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ ፈቃድ፣ የሁለት አገር የኢሚግሬሽን ማኅተምና ሌሊት የማይጓዝ አውቶብስ ያስፈልገዋል።